ቤቱን ለሚገዛው

እትዬ የብርጓል ስለ ሀዲስ ቤት አንድም ክፉ ቃል ተናግረው አያውቁም። ይህን ማንም ይመሰክርላቸዋል። የሀዲስን አንጀት ያሳረረውም ይኸው ነው። ቢሰድቡት ኖሮ እሱም ሰድቦ ይገላገል ነበር፤ ቢዋሹ ኖሮ እውነቱን አውጥቶ ያሳፍራቸው ነበር። እሳቸው ግን ቤቱን ገዥ የሚያሳጡት እያመሰገኑት ነው። ለዚህ ምን መልስ አለው? እስቲ ፍረዱ!

ሀዲስ የአሰላ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ለሥራ መጥቶ፣ ኮሌጅ ውስጥ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ሆኖ፣ አግብቶና ወልዶ እዚሁ ቀረ። ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ባለ ሦስት ክፍል ቤት አለው። አምና ሚስቱን ሔራንን መሥሪያ ቤቷ ወደ አዳማ አዛወራትና ትንሿን ልጃቸውን ሲናን ይዛ ሄደች። እስካሁን እህቷ ቤት፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው ልጇን አቅፋ የምታድረው። ለሀዲስም ዝውውሩ ተፈቅዶለታል። ነገር ግን እስከ ሐምሌ መጨረሻ አዳማ ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ቤቱ ካልተሸጠ ደግሞ አዳማ ላይ ሦስቱን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያስገባ ነገር የለም።

«ልጅህ አባት ምን እንደሆነ እየረሳች ነው» አለችው ሔራን ባለፈው። ተቆጥታ አልነበረም፤ ደክሟት ነው። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ቃል ከሆዱ አልወጣችም።

እዚህ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱን ብቻ አይቶ አይገዛም፤ ጎረቤት ይጠይቃል። ግድግዳውን አንኳኩቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ካርታውን አገላብጦ ሲያበቃ ወጣ ይልና አጠገብ ላለው ሰው «እንደምን ዋላችሁ» ይላል። ሀዲስ አጠገብ ያሉት ደግሞ እትዬ የብርጓል ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደጃፋቸው ላይ ካለችው ድንጋይ ተቀምጠው፣ ጎመን እየቀነጠሱ ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ የመጣው የባንክ ሠራተኛ ነበር፣ ከነሚስቱ። ቤቱን በጣም ወደዱት። ሚስትየው መጋረጃ የምትሰቅልበትን ሁሉ መርጣ ጨርሳ ነበር። ከዚያ ወጥተው ጠየቁ።

«ቤቱማ ቤት ነው!» አሉ እትዬ የብርጓል። «እሰይ እንኳን መጣችሁ። እኔ መቼም ደፋር ሰው ደስ ይለኛል።»

«ደፋር?» አለ ሰውየው።

«ጉማሬውን ፈርታችሁ እንደሆነ አይዟችሁ። ዘንድሮ አልመጣም። ቢመጣም ጎመን ነው የሚበላው፤ ሰው ላይ አይደርስም። ልጅ አላችሁ?»

«ሁለት» አለች ሚስትየው ድምፅዋ ቀጥኖ።

«እግዚአብሔር ያሳድግላችሁ። ብቻ ሲመሽ አታስወጧቸው።»

ሰዎቹ በመጡበት ባጃጅ ተመለሱ። ውሸት ነው እንዳይባል፣ ጉማሬ መጥቶ ያውቃል። ድሮ፣ ሀዲስ ገና አሰላ ተማሪ ሳለ፣ አጥር የሚባል ነገር ሳይኖር፣ አንድ ቀን ከሐይቁ ወጥቶ የጓሮ ጎመን ግጦ ሄዷል። ይኸው ነው ታሪኩ በሙሉ።

ቀጥሎ የመጣው አስተማሪ ስለ ውኃ ጠየቀ። «ውኃማ ሞልቶ!» አሉት። «ክረምት እኮ መቅዳት የለም፤ ራሱ እቤት ድረስ ይመጣል።» እውነት ነው፤ አንድ ክረምት ቦዩ ሞልቶ ደረጃው ድረስ መጥቶ ነበር። አስተማሪው ምስጋናውን አቅርቦ ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳም።

ሀዲስም ብልህ ነኝ ብሎ ገዥ በአቦ ዕለት ማምጣት ጀመረ፤ እትዬ የብርጓል ቅዳሴ ላይ ሲሆኑ። ሴትየዋ ግን ቅዳሴው እንዳለቀ፣ ጠበል በጠርሙስ ይዘው፣ ልክ ገዥው በር ላይ ሲደርስ ከተፍ አሉ። የሰውየውን ፊት ረጩት፣ ግድግዳውን ረጩት፣ መዝጊያውን ረጩት። «ይኸ ቤት ጠበል ይወዳል» አሉ በፍቅር። «ከተረጨ ሌሊቱን ደህና ያድራል።» ሰውየው ፊቱን እንኳ ሳይጠርግ ነው የሄደው።

«እትዬ፣ ምን አድርጌዎት ነው?» አላቸው ሀዲስ ያን ዕለት። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ምን አደረግሁህ? አመሰገንሁልህ እንጂ!»

«ሚስቴና ልጄ እኮ...»

«አንተን ለምጄ፣ አንተን አመል አስይዤ፣ አሁን ማን እንደሆነ የማላውቀውን አምጥተህ አጠገቤ ልትጎልት ነው? አጠገቤ የሚገባውን እኔው ነኝ የምመርጠው» አሉና ጠርሙሳቸውን ይዘው ገቡ።

ደላላው አንዳርጋቸው ይህን ሲሰማ ግንባሩን መታ። «አንተ ሰው፣ ለምን ሽማግሌ አትልክም? እዚህ አገር ለሽማግሌ እምቢ የሚል የለም። የተከበሩ ሰዎች ይሂዱ፣ ይለምኗቸው፣ አፋቸውን ይያዙልህ፤ አለቀ።»

ሀዲስ ደስ አለው። በሐይቁ ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ ሲያገለግሉ ያረጁትን አለቃ ገድሉን ለመነ። ጡረተኛውን ጋሽ ምናሴን ጨመረ። ሦስተኛ እንዲሆኑ አቶ ሕዝቅኤልን አከለ፤ እሳቸው ከምግብ በቀር ለምንም አፋቸውን የማይከፍቱ ሰው ናቸው፣ ግን ግርማ ሞገስ አላቸው። እሑድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሦስቱም ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ እትዬ የብርጓል ደጅ አመሩ።

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉ። እትዬ የብርጓል ያላገባች ልጅ አለቻቸው። ዜማ ትባላለች፤ ሠላሳ ካለፋት ቆይቷል፤ ብድርና ቁጠባ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እናት ያን ደጅ ሽማግሌ እንዲረግጠው ያልተሳሉት ታቦት የለም። በዚህ አገር ደግሞ እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌ፣ ነጭ ለብሶ፣ ልጃገረድ ያለችበት ቤት ሲገባ ለምን እንደሆነ ሕፃን እንኳ አይጠይቅም። ይህ ለሀዲስ አልታየውም። ለደላላው አልታየውም። ለሦስቱ ሽማግሎች፣ ዕድሜያቸውን በሽምግልና ለፈጁት፣ ለእነሱ እንኳ አልታያቸውም! ምን ይባላል?

ሀዲስ አጥሩ ሥር ጆሮውን ጥሎ ቆሞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እልልታ ሰማ። «እንዲህ በቀላሉ?» አለ በልቡ። ቀጥሎ የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ሸተተው። ሽማግሎቹ ሲወጡ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ነበር፤ የሦስቱም አናት ደግሞ ቅቤ ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

«እንዴት ሆነ?» አለ ሀዲስ ሮጦ ደርሶ።

«ተሰጠን» አሉ ጋሽ ምናሴ መሬት መሬት እያዩ።

«ምኑ?»

«ልጅቱ።»

ሀዲስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ገና ከደጅ ሳለን 'አስታወሳችሁኝ!' ብላ እግራችን ሥር ወደቀች» አሉ አለቃ ገድሉ። «ቆመን እንናገር አልናት። 'ተቀመጡ፣ ሰጥቻለሁ!' አለች። ልጅ እኮ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ቀጠሮ ይቀበላል፣ ይለምናል! እኔ በሽምግልና ስኖር እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሞኝ አያውቅም።»

«ታዲያ 'ለሱ አይደለም የመጣነው' አትሏቸውም?»

«በደስታ ስታለቅስ? አንተ ብትሆን ትላት ነበር?»

«ስለ ቤቱስ?»

ጋሽ ምናሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ሞክሬ ነበር። 'የመጣነው የሀዲስን ቤት ስለሚገዛው ሰው ጉዳይ ነው' ስላት ከአፌ ነጠቀችኝ። 'ልጁ የሀዲስን ቤት ሊገዛ ነው? ልጄ አጠገቤ ልትቀርልኝ ነው?' ብላ እልል አለች።»

«እናንተስ?»

«አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ።»

«እኔ የነቀነቅሁት ቅቤው ዓይኔ ውስጥ ስለገባ ነው!» ብለው አለቃ ገድሉ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

አቶ ሕዝቅኤል ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ዓሣው ግን ጥሩ ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የእትዬ የብርጓል ጠባይ ተገለበጠ። ቤቱ ጉማሬ የማያውቀው፣ ውኃ የማይደርስበት፣ መላእክት የሚጠብቁት ቤት ሆነ። ለወንደላጤ ብቻ ታዲያ! የሙሽራውን ስም ማንም ስላልነገራቸው፣ ቤቱን የሚገዛው እሱ ነው ብለው ይጠብቃሉ። ባለትዳር ከመጣ ድንጋያቸው ላይ ሆነው ይጠይቁታል፦ «ሚስት አለህ?» «አለኝ።» «እንግዲያ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?» አንዱን ጠበቃ፣ ቤቱን ሳያይ፣ ከእነ ቦርሳው ከመንገድ መለሱት።

ወንደላጤ ከመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሞባይል የሚሸጥ አንድ ሸጋ ጎረምሳ መጣ። እትዬ የብርጓል ዙሪያውን ዞሩት። «እስቲ ሳቅ በል» አሉት፤ ጥርሱን ለማየት ነው። ምን እንደሚወድ፣ ንስሐ አባቱ ማን እንደሆኑ፣ ሲተኛ ያንኮራፋ እንደሆነ ጠየቁት። በመጨረሻ ዘመድ ሆኖ እንዳይገኝ «እስከ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ» አሉት። ልጁ አያቱ ላይ ሲደርስ ተደናቀፈ፤ ቅድመ አያቱን ከደላላው ጠየቀ፤ ከዚያ «መኪናዬን ላስተካክል» ብሎ ወጣ። መኪና አልነበረውም። ሌላ ቀን ደግሞ ሚስታቸው የሞተችባቸው ጡረተኛ ሻምበል መጥተው ቤቱንም ጥያቄውንም ወደዱት። እትዬ የብርጓል ከላይ እስከ ታች አዩዋቸውና «እርስዎ ለልጄ ነው ወይስ ለኔ?» ሲሏቸው ሻምበሉ በወታደር እርምጃ ወጡ።

ሀዲስ እውነቱን ሊናገር ስንቴ አፉን ከፈተ! በከፈተ ቁጥር እትዬ የብርጓል ጉንጩን ይስሙታል። «አንተ ነህ ይህን ደስታ ያመጣህልኝ» ይሉታል። ምሳ ይልኩለታል፣ ሸሚዙን ካላጠብሁ ይሉታል። የሰው ምሳ በልቶ ደግሞ ያን የመሰለ ነገር መናገር ይከብዳል። ሐምሌ ገባ። ዝናቡ በረታ። ሔራን ስትደውል «ትንሽ ቀን» ማለት ራሱ አሳፈረው፤ አንዳንዴ ስልኩ ሲጮኽ እያየው ዝም ይላል። በራሱ አፍሮ ከሚስቱ የሚደበቅ ሰው ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዜማ ሥራ ቦታው ድረስ መጣች። «ና እንውጣ» ብላ ሐይቁ ዳር ወሰደችው። ትልልቆቹ የውኃ ወፎች፣ ይብራዎቹ፣ ዓሣ አጥማጆቹን እየተከተሉ ይንሳፈፋሉ። ሾላው ሥር ሲቀመጡ ዞር ብላ አየችው።

«ለማን ነው የዳርኸኝ?» አለችው።

ሀዲስ ሁሉንም ነገራት፤ ደላላውን፣ ሽማግሎቹን፣ ቅቤውን። «ዜማ፣ በሲና ሞት፣ አንቺን ለመጉዳት አልነበረም» አለ። ልትጮኽበት ነው ብሎ ጠብቆ ነበር። ዜማ ግን ቅቤው ላይ ሲደርስ ሳቋ ገነፈለ፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«ስማኝ» አለች ሳቋን ገታ አድርጋ። «ቤት ተከራይቼ ልውጣ ብዬ የለመንኋትን ልመና ታውቃለህ? 'ሴት ልጅ ከእናቷ ቤት የምትወጣው በሽማግሌ ነው' ትለኛለች። ባል ጠልቼ አይደለም፤ ሲመጣ ይመጣል። እኔ አሁን የምፈልገው የራሴን በር ነው። ከውስጥ የምቆልፈው።»

«እና?»

«እናማ፣ መሥሪያ ቤቴ ለሠራተኛ የቤት ብድር ይሰጣል። የኔ ተራ ደርሷል። ልጠቀምበት ያልቻልሁት እናቴን ፈርቼ ነው። አሁን ሽማግሌ መጣ። እናቴም ሰጠች። ለማን ነው ሰጥቻለሁ ያለችው?»

«ቤቱን ለሚገዛው» አለ ሀዲስ።

«ቤቱን የምገዛው እኔ ነኝ» አለች ዜማ።

ሀዲስ ተነሥቶ፣ ሰው እያየው፣ ሾላውን ዞሮ ጨፈረ።

ሐምሌ ሳያልቅ የብድሩ ጉዳይ ተሳካ፤ ውሉም በጸጥታ ተፈረመ። በማግሥቱ እሑድ ሦስቱ ሽማግሎች እንደገና ነጭ ለብሰው መጡ። እትዬ የብርጓል የሙሽራው ስም ሊነገር ነው ብለው የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሰብስበው ነበር። ሀዲስም ከአንዳርጋቸው ጀርባ ተደብቆ በሩ ሥር ቆመ። «ተቀመጡ!» ቢባሉ አለቃ ገድሉ «ዛሬስ ሳልናገር አልቀመጥም!» አሉ፤ ያለፈው አስተምሯቸዋል።

«የብርጓል፣ ባለፈው ልጅሽን ለማን ሰጠሽ?»

«የሀዲስን ቤት ለሚገዛው!»

«ቃልሽ ነው?»

«በአቦ! ቃሌ ነው። ከቃሌ ብወጣ ይህ ሐይቅ ይዋጠኝ!»

«ጎረቤት ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል!» አሉ ሴቶቹ፣ እልልታቸውን አፋቸው ጫፍ ላይ ይዘው።

አለቃ ገድሉ አየር ሳቡ። «እንግዲያው ቤቱን የገዛችው ዜማ ናት። ውሉ ትናንት ተፈርሟል። ልጅሽን ለራሷ ሰጥተሻታል፤ እግዚአብሔር ይባርክላት።»

ከኋላ አንዲት ሴት እልልታዋን ጀምራ በመሐል ዋጠችው። እትዬ የብርጓል ዓይናቸው ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው ሄደ፤ መጨረሻ አለቃ ገድሉ አናት ላይ አረፈ።

«አንተ ገድሉ!» አሉ። አንቱታው እዚያው ላይ አበቃ። «ያን ሁሉ ቅቤ አናትህ ላይ ያፈሰስሁት ልጄን ለራሷ ልድር ነው? ቅቤዬን መልስ!»

«ታጥቧል» አሉ አለቃ ገድሉ ቀስ ብለው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ። ዜማ መጥታ እናቷ ጉልበት ሥር ተቀመጠች። «እማ፣ ያልሽኝን ነው ያደረግሁ። በሽማግሌ ወጣሁ።»

«ብቻዬን ጥለሽኝ?»

«የት ሄጄ? ጨው ሲያልቅብሽ ከአጥሩ ማዶ ትጠሪኛለሽ።»

«ያ ቤት እኮ ክረምት ውኃ ይገባዋል!»

«ይግባ።»

«ጉማሬስ?»

«ዘንድሮ አልመጣም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

እትዬ የብርጓል ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቅ አመለጣቸው። አልፈለጉትም፤ አመለጣቸው። ስቀው ስቀው ሲያበቁ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና በሩ ሥር የተደበቀውን አዩት።

«አንተ! ና ወዲህ።»

ሀዲስ ጥፊ ጠብቆ ቀረበ።

«ያቺ ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሁለት ዓመት ተኩል፣ እትዬ።»

«ይህን ያህል ጊዜ ያላየሃት በኔ ምክንያት ነው?»

ሀዲስ ሊዋሽላቸው ፈለገ፤ አልቻለም።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ነግሬዎት ነበር።»

«አዎ፣ ነግረኸኛል» አሉ እትዬ የብርጓል፣ ድምፃቸው ወርዶ። «የኔ ልጅ ከጎኔ እንዳትርቅ የሰው ልጅ ካባቷ ለየሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ አንተም ይቅር በለኝ።» ጉንጩን ሳሙት፤ ወዲያው ደረቱን ገፉት። «በል ምን ይገትርሃል? ሂድ!»

ሀዲስ በነጋታው ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ዕቃውን አንዳርጋቸው በአይሱዙ እንዲልክለት ነግሮ እሱ አንድ ሻንጣ ብቻ ይዞ ወጣ። የዓባይን በረሃ ወርዶ ሲወጣ፣ አዲስ አበባ አድሮ ወደ አዳማ ሲሳፈር፣ አንድም ጊዜ እንቅልፍ አልወሰደውም። ለሔራን ደውሎ ቤቱን ማን እንደገዛው ሲነግራት በስልክ ውስጥ የሰማው ሳቅ አምና ከእሱ ጋር ተለያይቶ የሄደው ሳቅ ነበር።

የእህትየው ቤት በር ተከፈተ። ሔራን ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከእሷ ቀሚስ ኋላ ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ፀጉሯ በሁለት የተያዘ፣ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ አየችው።

«እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ሔራን ፊቷ ጠቆረ፤ ልትመልስ ስትል ሀዲስ እጇን ያዘ። እንባውን ዋጥ አድርጎ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ሀዲስ እባላለሁ» አላት።

ሲና ሻንጣውን አየች፤ እሱን አየች። ብዙ እንግዳ አይታለች፤ ሁሉም ሻንጣ ይዞ መጥቶ ሻንጣውን ይዞ ነው የሄደው።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«አልሄድም» አለ ሀዲስ።

«ነገም?»

«ነገም አልሄድም። ከነገ ወዲያም አልሄድም።»

ሲና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነገሩን አሰበችበት። ከዚያ መሬቱ ላይ የተነጠፈውን ፍራሽ በጣቷ እያሳየች፣

«እንግዲያ ጫማህን አውልቅ» አለችው።